የቤት ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሰባት

ስድስት ኪሎ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ክረምት ከበጋ
አንድ ቀን እንኳ ሳይዘጋ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት አስተማርኩ፣ ፍላጎትና አቅርቦት፤
ሁለት መሥመር አቋርጬ፣ መሐሉ ነጥብ አኑሬበት
“ዋጋ እዚህ ጋ ያርፋል” ብዬ፣ ጠመኔዬን ሳስቀምጥ
እታች ከበሩ ሽንኩርት፣ በእጥፍ ዋጋ ሲሸጥ።

ያስተማርኳቸው ትልቅ ሆኑ፤ አንዱ ባንክ፣ አንዱ ቢሮ፣
አንዱ ቴሌቪዥን ይቀርባል፣ የዕድገት አኃዝ ደርድሮ።
እኔንም ይጠሩኛል አንዳንዴ፣ ሲጎድልባቸው አንድ ወንበር፤
ከረባት አስሬ እሄዳለሁ፣ “ዛሬስ” እያልኩ “ልናገር”፤
“በአንድ በኩል” እላለሁ፣ “በሌላ በኩል” እላለሁ፤
ሁለቱንም በኩል ተናግሬ፣ በአንድ ታክሲ እመለሳለሁ።

“ሒሳብ ከኋላ!” ይላል ወያላው፣ ተንጠልጥሎ በበሩ፤
ሒሳብ። ዕድሜ ልኬን ጀርባዬን ያጎበጠኝ ቁጥሩ።
ሳንቲም ጎድሎኝ ኪሴን ስፈትሽ፣ “ፋዘር፣ ታሪፍ ጨምሯል” አለኝ።
የዋጋ ንረት መምህር ነኝ፤
እሱ ነው የነገረኝ።

ግን ልጽፍ የተነሣሁት ይህን አልነበረም።
ስለ አንዲት ሴት ነው። ወደሷ መድረስ ከብዶኝ
እዞራለሁ እንጂ፣ ረስቻት አላውቅም።

ከአራት ኪሎ ጀርባ ነው፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ተደግፎ የቆመበት፤
መጠይቁ አርባ ገጽ፣ በዕጣ የወጣ መቶ ሃያ ቤት።
“ባለፉት ሰባት ቀናት ውስጥ፣ ምን በላችሁ? ምን ያህል?”
ጤፍ በኪሎ፣ ዘይት በሲኒ፣ ሣጥን በሣጥን ይሞላል።
አንድ ቀን ለቁጥጥር ስሄድ፣ በርጩማዋን ጠርጋ በነጠላ ጫፍ፣
“ቁጭ በል ልጄ፤ ለእኛ ብለህ ነው ይህ ሁሉ መልፋት፣ መጻፍ?”
“አዎን” አልኳት።
ያኔ አምኜ ነበር።

የቤት ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሰባት፣ ወይዘሮ የሻረግ፣ ሦስት ልጅ፤
ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ ሣጥኑ ባዶ፤ ዳር ላይ ግን በጠያቂው ልጅ እጅ
“ጾማችንን አደርን” ይላል።

ጾም ካለች ጾም ነው አልኩ። ኮድ ሦስት፤ ሃይማኖታዊ ምክንያት።
ከስሌቱ ወጣች በዚያች ቅጽበት።
ሠንጠረዡ ጸዳ፤ መሥመሩ ቀና፤ ድህነት በነጥብ ስድስት ወረደ፤
ጽሑፌ ታተመ፤ ማዕረጉ መጣ፤ ካባም በትከሻዬ ወረደ።

አሥራ አራት ዓመት ቆይቼ፣ ሳራግፍ የቢሮውን አቧራ፣
ያው ወረቀት ወጣ። ቀኑን አየሁት በተራ፦
ግንቦት ስምንት። ከፋሲካ በኋላ ሦስተኛው ሳምንት።
በዓለ ሃምሳ! ዓርብ እንኳ ጾም የማይገባበት።

“ጾማችንን አደርን።” አማርኛዬ የት ሄዶ ነበር ያኔ?
ትምህርት ጭኜ ስመለስ፣ ጆሮዬን የት ጣልኩት እኔ?

ሄድኩ፤ በእግሬ ወረድኩ። ሠፈሩ የለም። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣
ገና ጥላ ያላወጣ ዘንባባ፣ በጠራራ ፀሐይ መብራት ሲነድ።
ጥበቃውን “አራት መቶ አሥራ ሰባት?” አልኩት፤ “የቢሮ ቁጥር ነው?” አለኝ፤
የት እንደሄዱ የሚያውቅ፣ አንድም ሰው አልገጠመኝ።
በእኛ ሙያ ይህ ስም አለው፦ “ክትትሉ የተቋረጠ።”
ማን እንዳቋረጠው የሚጻፍበት፣ ሣጥን ግን አልተቀመጠ።

ዘንድሮ ትምህርት ስጀምር፣ ሁለት ሣጥን ሣልኩ በሰሌዳው፤
አንዱ ውስጥ ዜሮ ጻፍኩ፤ አንዱን እንዲያው ተውኩት፣ እንደ ጓዳው።
“ልዩነታቸውን ንገሩኝ።” ክፍሉ ጸጥ። ጠመኔው እጄ ላይ አለቀ።
ከኋላ አንድ ልጅ፣ ብልጥ ልጅ፣ እጁን አወጣና ጠየቀ፦

“ፈተና ላይ ይመጣል?”

መጥቶ ነበር፣ አልኩት።
ወድቄያለሁ።